የጎርጎራው ባቡር

አስቀድሜ ልናገር፦ ባሕር ዳር ባቡር የላትም፤
ሐዲድ አልተነጠፈባት፣ የፉርጎ ድምፅ አይሰማባትም።
ያለን ባጃጅ ነው፣ ከዘንባባው ሥር እንደ ጢንዚዛ የሚበር፤
ያለን ጀልባ ነው፣ ማሽላና ሰው ጭኖ ከደሴት ደሴት የሚሻገር።
እኔም እንጀራዬ ወደቡ ላይ ነው፤ ከትኬት ቤቷ መስኮት ውስጥ
ዘጠኝ ዓመት ተቀምጬ ለሌላው ሰው መንገድ ስሸጥ።

ማታ ግን ሌላ ሰው ነኝ።
ማታ አራት ስልክ ይበራል በአራት ከተማ፤
ሳቃችንን እናፍናለን፣ የተኛ ቤተሰብ እንዳይሰማ።
ወሬያችን ስለ አንድ ባቡር ነው፣ ማናችንም በዓይን ያላየነው፤
ከቺካጎ የሚነሣው፣ ሁለት ሌሊት የሚያድረው፣
የበቆሎ ሜዳ ጨርሶ ተራራ የሚሰረስረው፣
ጣሪያው መስታወት የሆነ፣ ተንጋለው ሰማይ የሚያዩበት፣
በረዶው ውጭ ሲወርድ፣ ውስጥ ሻይ የሚጠጡበት።

ትርሲት ከጅማ መስመሩን ታውቀዋለች እንደ መዳፏ፤
ዋሻዎቹን በተራ ትጠራለች፣ አንዱ አይጠፋም ከአፏ።
ዘርዓይ ከዓዲግራት ሒሳብ ያዥ ነው፣ ማንም ሳይሾመው፤
የቪዛውን፣ የአልጋውን፣ የትራሱን ሳይቀር ደመረው፣
ደመረና፦ «የአራታችን የስድስት ዓመት ደሞዝ
ለአንድ መስኮት ይበቃል፤ ከሩቅ ለሚታይ ወንዝ።»
ኢድሪስ ከድሬዳዋ ነው፤ አባቱ ሐዲድ ጠባቂ የነበረ፤
ከመሐላችን እሱ ብቻ ነው የእውነት ባቡር የተሳፈረ፣
በልጅነቱ፣ ከአይሻ ድሬ፣ የሽንኩርት ጆንያ ላይ እየተወረወረ።

እሱ ነው አንድ ሌሊት «ቆይ» ያለን፤
«አሜሪካ ይቆየን።
እኛ ራሳችን መች ተያየን?»

ዝም።
ከኢድሪስ ስልክ ውሻ ጮኸ፤ ከትርሲት ስልክ ዝናብ።
ሦስት ዓመት ሙሉ ይህ ነገር አልገባም ነበር ከሐሳብ።
«ባሕር ዳር ይሁን» አለ ዘርዓይ፤ «ለማናችሁም አትቀርብም፤
ድካሙን እኩል እንካፈል፤ ማንም በማንም አያኮርፍም።»

ዕቅዱን እኔ ጻፍኩ፦
«ጥር ሲጋመስ። ቅዳሜ። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል፣ ወደቡ በር።
ምልክቴ ቢጫ ሹራብ። ፎቶዬን አትመኑ፤ ያኔ ፀጉር ነበር።
ጀልባዋ ጎርጎራ ትሄዳለች፤ እንደ ባቡር ቁጠሩልኝ፤
ዘጌን ጣቢያ፣ ደቅን ጣቢያ፣ ቁንዝላን ማደሪያ በሉልኝ።
ዋሻ የለንም፤ የንጋት ጭጋግ አለ።
በረዶ የለንም፤ እምቦጭ አለ፣ ማዶ ላይ፣ እንደ ማሳ የበቀለ።
የሚያምረውንም የሚያስከፋውንም እናያለን፤ መስኮት እንዲህ ነው።»

ቀኑ ደረሰ።
ትርሲት ልጅ መስላኝ ነበር፤ ጡረታ የወጣች መምህር፣
«ጣቢያው የት ነው?» አለች፣ ከባጃጅ ወርዳ እግሯ ሳይነካ ምድር።
ኢድሪስ የአባቱን ፊሽካ ይዟል፣ በመሐረብ ጠቅልሎ፤
ካፒቴኑን ለመነው፦ «አንዴ ብቻ!» ብሎ።
እኔም ዘጠኝ ዓመት የሸጥኩትን ትኬት
ተሰልፌ ገዛሁ፣ በገዛ መስኮቴ ፊት።
(ባልደረባዬ መልሱን አጎደለብኝ። ይሁን።)

ዘርዓይ አልመጣም።
ወልዲያ ላይ አውቶቡሱ ተበላሽቶበት፣ በስልክ ብቻ ተገኘ፤
«ቦታዬን ያዙልኝ» አለ፤ ድምፁ እንደ መሳቅ ብሎ እንደ ማልቀስ ቃኘ።

ፊሽካው ተነፋ። ጉማሬ ነው መሰል፣ ውሃው ውስጥ አንድ ነገር ደነገጠ፤
ከተማው ከነዘንባባው ወደ ኋላ ሮጠ።
ስልኩን ወደ ሐይቁ አዞርኩለት፤ ያይ ነበር በዝምታ፤
ከዘጌ በኋላ ኔትወርኩ ሄደ፤ ፊቱ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀረ፣ በግማሽ ፈገግታ።

ደቅ ላይ አንዲት ሴት ተሳፈረች፣ ዶሮ በጉያዋ፣ ዘንቢል በእጇ፤
ባዶውን ወንበር አየች።
«ይሄ ሰው አለው?»

ሦስታችንም፣ እኩል፦
«አለው!»